እያነሰ የሄደው አምፖል፦ የፎቶግራፍ ፍላሽ ከ1929 እስከ 1980ዎቹ

በ1930 ገበያ ላይ የነበረው የፍላሽ አምፖል በቁመቱም ሆነ በውፍረቱ የቤት መብራት አምፖልን ያህል ነበር፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ፎቶ ብቻ ነበር። በ1975 የወጣው ደግሞ ስምንት አምፖሎችን በአንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ደርድሮ በሸሚዝ ኪስ የሚያዝ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ አምፖል የውስጥ ይዘት ከ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ በታች ነበር። በ45 ዓመት ውስጥ የአንዱ አምፖል ይዘት ከመቶ እጥፍ በላይ ቀነሰ። የሚሰጠው ብርሃን ግን በዚያው መጠን አልቀነሰም። ዳሰሳችን የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው፤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍላሽ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከታዋቂ ፎቶ አንሺዎች ጋር ተያይዞ ነው። አምፖሉ ራሱ እንዴት እንደተሠራና ለምን እያነሰ እንደሄደ ግን እምብዛም አይነገርም። ቅርብ ብሎ ላየው ሰው እያንዳንዱ የመጠን ቅነሳ የተገኘው በኬሚስትሪና በብርጭቆ ሥራ ላይ በተደረገ ከባድ ለውጥ ነው። ገበያውን የከፈተለት ደግሞ ተጠቃሚው በአንድ ጊዜ ስንት ፎቶ ሳይጨነቅ ሊያነሳ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነበር፤ በመጨረሻ አምፖሉን ከገበያ ያስወጣውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ከአምፖሉ በፊት የነበረውን ዘመን ባጭሩ እንለፈው። የማግኒዥየም ብርሃን ለፎቶግራፍ ሊያገለግል እንደሚችል በ1859 ቡንሰንና ሮስኮ አመለከቱ። በ1860ዎቹ አጋማሽ የማግኒዥየም ሽቦ ከገበያ መገኘት ሲጀምር ፎቶ አንሺዎች ይዘውት ወደ ዋሻና ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወረዱ፤ በስኮትላንድ ይሠራ የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝም በ1865 በዚሁ ብርሃን የጊዛን ታላቅ ፒራሚድ ውስጡን አነሳ። ሽቦው ግን ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሰው ለማንሳት አይመችም ነበር። በ1887 ጀርመናውያኑ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የማግኒዥየም ዱቄትን ከፖታሲየም ክሎሬትና ከአንቲሞኒ ሰልፋይድ ጋር ቀላቅለው በቅጽበት የሚፈነዳ የፍላሽ ዱቄት አዘጋጁ። ጃኮብ ሪስ የኒውዮርክ ድሆች ይኖሩባቸው የነበሩትን ጨለማ ክፍሎች ለሕዝብ ያሳየው በዚህ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ጭሱ ወፍራም፣ ድምፁ አስደንጋጭ፣ እሳቱም አደገኛ ነበር፤ ሪስ ራሱ ፎቶ ሲያነሳ ቤት ማቃጠሉን ጽፏል። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ በጨለማ ፎቶ ማንሳት ማለት ባሩድ ይዞ ሰው ቤት መግባት ማለት ነበር።

ዱቄቱን በኤሌክትሪክ የማቀጣጠል ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ በ1899 ጆሹዋ ላየነል ኮኸን በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። የጎደለው እሳቱን የሚያስር ዕቃ ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ፊርከተር በ1925 የሚነደውን ነገር በብርጭቆ ውስጥ የመዝጋትን መንገድ አሳየ። ዮሐንስ ኦስተርማየር ደግሞ በ1929 ቫኩብሊትዝ የተባለውን አምፖል ለገበያ አበቃ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። በብርጭቆው ውስጥ እጅግ ስስ የአልሙኒየም ቅጠል ተጨማዶ ይገባል፤ አየሩ ይወጣና በምትኩ ኦክስጅን ይሞላል፤ በመሐል ባለችው ቀጭን ሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠል ድብልቅ ይቀባል። ከባትሪ ድንጋይ የሚመጣው አነስተኛ ጅረት ሽቦዋን ያግላል፣ ድብልቁ ይፈነጥቃል፣ ፍንጣሪው ቅጠሉን ያነዳል። ጭሱም አመዱም በብርጭቆው ውስጥ ይቀራሉ። በ1930 አምፖሉ በእንግሊዝ ሳሻላይት በሚል ስም ቀረበ፤ በአሜሪካም በዚያው ዓመት ጄኔራል ኤሌክትሪክ የራሱን ማምረት ጀመረ።

የዱቄቱ ዘመን የጠፋበት ፍጥነት የሚያስገርም ነው። አርባ ዓመት ያህል ያገለገለው የፍላሽ ዱቄት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች እጅ ወጣ። አዲሱ አምፖል ከዱቄቱ ይበልጥ ብሩህ ስለሆነ አልነበረም። ፎቶ አንሺው አሁን ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤትና የስብሰባ አዳራሽ መግባት ቻለ፤ ካሜራውንም በአንድ እጁ ይዞ መሮጥ ቻለ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የኒውዮርክን ሌሊት ያነሳው ዊጂ በዱቄት ሊሠራ የሚችል ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ትውልድ አምፖል ግን ሁለት ድክመት ነበረው። አንደኛው የተጨማደደው ቅጠል ያለ ሥርዓት መንደዱ ነበር፤ አንዱ አምፖል ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ያበራል። ፎቶ አንሺው ሹተሩን ከፍቶ፣ አምፖሉን አፈንድቶ፣ ከዚያ መዝጋት ነበረበት። የሆላንዱ ፊሊፕስ በ1930ዎቹ በቅጠሉ ፈንታ የአልሙኒየምና የማግኒዥየም ቅይጥ የሆነ ቀጭን ሽቦ በአምፖሉ ውስጥ በእኩል አሰራጨ፤ በአሜሪካም ሽቦ የሞሉ አምፖሎች ተከተሉ። ሽቦው ቦታውን ሁሉ በእኩል ስለሚይዝ እሳቱ ከአምፖል አምፖል ተመሳሳይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ቅጠሉን እንደ ፀጉር ቀጥነው በተቆረጡ ክሮች መልክ መጠቀም ጀመሩ፤ ይህ መንገድ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

ከዚህ የተነሳ አምፖሉን ከሹተሩ ጋር ማናበብ የሚቻል ሆነ፤ ለእኔ ከመጀመሪያዎቹ አብይ ለውጦች አንዱ ይህ ነው። አምፖል ጅረቱ እንደደረሰው ወዲያው አያበራም፤ የመካከለኛው ዓይነት አምፖል ብርሃኑ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ20 ሺኛ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ካሜራው ጅረቱን ቀድሞ ሰዶ ሹተሩን ዘግይቶ መክፈት አለበት። በድሮ ካሜራዎች ጎን ላይ የምናየው የኤም ምልክት ይህን መዘግየት የሚያመለክት ነው። በፊልሙ ፊት የሚያልፍ መጋረጃ ላላቸው ካሜራዎች ደግሞ ብርሃኑን ረዘም ላለ ጊዜ በእኩል የሚያቆይ ሌላ ዓይነት አምፖል ተሠራላቸው። አምፖሉ ሰዓቱን የሚያከብር ዕቃ ስለሆነ ካሜራ ሠሪዎች ማገናኛውን ከካሜራው አካል ጋር ማዋሃድ ጀመሩ።

ሁለተኛው ድክመት መጠኑ ነበር። ትልቁ አምፖል ትልቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብረቱ ተቃጥሎ እንዲያልቅ በቂ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ በዚያ ዘመን ኦክስጅኑ የሚሞላው ከውጭው አየር ግፊት ባነሰ ግፊት ስለነበር ሰፊ ክፍል ይፈልግ ነበር። ግፊቱን ዝቅ ያደረጉት ደግሞ ለጥንቃቄ ነው፤ በእሳቱ ሙቀት ግፊቱ በድንገት ሲጨምር ብርጭቆው እንዳይሰነጠቅ። ለዚሁ ሲባል አምፖሉ በላኬር ይሸፈን ጀመር፤ ብርጭቆው ቢሰነጠቅ እንኳ ቁርጥራጩ አይበተንም። በ1940ዎቹ በቀላሉ የሚሰካ እግር ያላቸው ከትልቁ በብዙ ያነሱ አምፖሎች ተለመዱ፤ የጋዜጣ ሰዎች ኪሳቸውን ሞልተው የሚዞሩት በእነዚህ ነበር። የተቃጠለው አምፖል ጣት የሚፈጅ ስለሆነ መያዣው በአንድ ጭነት የሚተፋ ሆኖ ተሠራ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በትልልቅ ቦታ ወደር አልነበራቸውም። በ1952 በአሜሪካ የካርልስባድ ዋሻን ትልቁን አዳራሽ በአንድ ፎቶ ለማንሳት 2,400 አምፖሎች በአንድ ጊዜ ነደዋል። ኦ. ዊንስተን ሊንክ ከ1955 እስከ 1960 የመጨረሻዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት ሲያነሳ በደርዘን የሚቆጠሩ አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ ያበራ ነበር፤ በ1956 ያነሳው የዌስት ቨርጂኒያው እውቅ ፎቶው 43 አምፖሎች ፈጅቷል። ከተደረደሩት አንዱ ሽቦው ቢላቀቅ ባቡሩ አልፎ ይሄዳል፤ ሌላ ዕድል የለም። እነዚህ ሥራዎች የሚያሳዩት አምፖሉ በጉልበቱ ጫፍ ላይ የደረሰበትን ጊዜ ነው። ገበያው ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ቤተሰብ ፎቶና ወደ ትንንሽ ካሜራዎች እየሄደ ነበር።

አምፖሉ ማነስ የቻለበት ሁለት ምክንያት ነበረ። የመጀመሪያው ፊልሙ ነው። በ1954 የወጣው የ35 ሚሊ ሜትር ትራይ ኤክስ ፊልም ቀድሞ ከነበሩት በጣም ፈጣን ነበር፤ በ1963 የመጣው ኮዳከለር ኤክስም የቀለም ፊልሙን ፍጥነት ከፍ አደረገ። ፊልሙ ለብርሃን በነቃ ቁጥር አምፖሉ ብርሃን ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ብረቱ ነው። ዚርኮኒየም ለኒውክሊየር ማብላያ ሲባል በ1950ዎቹ በብዛት መመረት ከጀመረ በኋላ የአምፖል ሠሪዎች እጅ ገባ። ከአልሙኒየም የሚወደድ ቢሆንም በትንሽ ቦታ ከአልሙኒየም የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። በትንሽ አምፖል ውስጥ የሚያጥረው ብረቱ ሳይሆን ኦክስጅኑ ነው፤ ዚርኮኒየም ደግሞ ለተገኘው ኦክስጅን የሚከፍለው ብርሃን ከፍ ያለ ነው። እሳቱ ከአልሙኒየም እሳት የጋለ ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ነጭነት የሚያደላ፣ ወደ 4,000 ኬልቪን የሚጠጋ ነው። በዚህ ላይ ላኬሩን ሰማያዊ በማድረግ ብርሃኑ ከቀን ብርሃን ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ተገኘ፤ ለፀሐይ ብርሃን የተሠራው የቀለም ፊልም ያለ ማጣሪያ በቤት ውስጥም ማንሳት ቻለ።

በ1958 የወጣው ኤጂ-1 የእነዚህ ሁሉ ውጤት ነው። የብረት እግር የለውም፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከብርጭቆው ግርጌ ወጥተው ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ እነሱው ራሳቸው መገናኛ ይሆናሉ። የመዳብ እግር፣ ማጣበቂያና ብየዳ ሁሉ ቀረ። በፋብሪካው መስመር ላይ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ይቆረጣል፤ አንዱ ጫፍ በእሳት ለስልሶ ሁለቱን ሽቦዎች እንደያዘ ይጨፈለቃል፤ በሽቦዎቹ መሐል ያለችው የተንግስተን ፊላመንት ማቀጣጠያ ድብልቁን ትቀባለች፤ ክር የሆነው ብረት በላይ በኩል ይገባል፤ የላይኛው ጫፍ ቀጥኖ አየሩ ይሳብና ኦክስጅኑ ይሞላል፤ በመጨረሻ ጫፉ ይዘጋል፣ አምፖሉ ላኬር ውስጥ ይነከራል። ይህ ሁሉ በማሽን የሚሠራ ሆነ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ባለሙያዎች የፍላሽን ጠቅላላ ብርሃን በሉመን ሰከንድ ይለካሉ። የጋዜጣና የስቱዲዮ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቁጥር 22 የተባለው ትልቅ አምፖል 60 ሺህ ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ኤጂ-1 ደግሞ 7 ሺህ ገደማ። ብርሃኑ ወደ ዘጠነኛ እጁ ወርዷል፣ ይዘቱ ግን ወደ መቶኛ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚወጣው ብርሃን በአስር እጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው። የማቀጣጠሉም ነገር ተሻሽሎ ነበር። ቀድሞ በቀጥታ ከባትሪ ድንጋይ ይላክ የነበረው ጅረት ድንጋዩ ሲደክም አምፖሉን ያዘገይ ወይም ጨርሶ ይከለክል ነበር፤ በ1950ዎቹ የ22.5 ቮልት ትንሽ ባትሪ ካፓሲተር እየሞላ፣ ካፓሲተሩ በአንድ ጊዜ እንዲለቅ መደረጉ ይህን ችግር አቃለለ።

በ1963 ኮዳክ ኢንስታማቲክን ሲያወጣ ከካሜራው ጫፍ ብቅ የሚል መያዣ ለኤጂ-1 አዘጋጅቶለት ነበር። ፊልሙ በካርትሪጅ ስለሚገባ ከዚህ በፊት ፎቶ አንስቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ደቂቃ ይለምደዋል። እስከ 1970 ድረስ ኢንስታማቲክ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ነገር ግን አንድ እንቅፋት ቀረ፦ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ አምፖሉን ማውጣትና ሌላ መክተት። የልደት ኬክ ላይ ሻማ የሚያጠፋ ሕፃን ይህን አይጠብቅም።

የ1965ቱ ፍላሽ ኪዩብ የመጣው ለዚህ ነው። ኮዳክና ሲልቫኒያ በጋራ ያወጡት ይህ ዕቃ አራት ትንንሽ አምፖሎችን ከአራት አንጸባራቂዎች ጋር በአንድ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል። ፊልሙ ሲጠቀለል ኪዩቡ በሩብ ዙር ይዞርና ያልነደደው አምፖል ወደ ፊት ይመጣል። በምርምር ረገድ ትልቅ ግኝት አይደለም፤ አምፖሉ ያው የኤጂ-1 ቤተሰብ ነው። በገበያ ረገድ ግን ከ1929 ወዲህ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለ35 ዓመታት አንድ የነበረው ቁጥር አራት ሆነ። አንጸባራቂው ከአምፖሉ ጋር አብሮ ስለሚጣል ካሜራው ራሱ ቀለለ። ፍላሽ ከዚያ በኋላ ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሳ ዕቃ ሆነ፤ በዚያ ዘመን በብዙ አገር የቤተሰብ አልበም ውስጥ የሚታዩት የሳሎን ፎቶዎች በዚህ ብርሃን የተነሱ ናቸው።

ኪዩቡ ግን አሁንም ከካሜራው ባትሪ ጅረት ይጠብቅ ነበር። ለወራት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ባትሪው ሲደርቅ ወይም መገናኛው ሲዝግ ፎቶው ጨለማ ይሆናል፤ ጥፋቱን ተጠቃሚው የሚያውቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። በ1970 የወጣው ማጂኪዩብ ኤሌክትሪኩን ጨርሶ አስቀረ። በእያንዳንዱ አምፖል ሥር ማቀጣጠያ የያዘች ቀጭን የብረት ቱቦ አለች፤ የተወጠረ ሞላ ይለቀቅና ይመታታል፣ ምቱ ያቀጣጥላታል። ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም። ብዙዎች ይህን የኤሌክትሪክ ማቀጣጠል ፍጻሜ አድርገው ቢወስዱት አይፈረድባቸውም ነበር፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ሳይቆይ ኤሌክትሪኩ በሌላ መልክ ተመለሰ።

በ1972 ፖላሮይድ ኤስኤክስ-70 ካሜራን ሲያወጣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለሱ ፍላሽ ባር አዘጋጀ፤ አምስት በፊት፣ አምስት በኋላ፣ በድምሩ አስር አምፖል የያዘ ረዥም ዘንግ ነው። ጅረቱ የሚመጣው በፊልሙ ጥቅል ውስጥ ካለው ጠፍጣፋ ባትሪ ነበር፤ አዲስ ፊልም በገባ ቁጥር አዲስ ባትሪ ስለሚገባ የደረቀ ባትሪ ስጋት ጠፋ። ቀጥሎ የሚነደውን አምፖል የሚመርጠውም የካሜራው ኤሌክትሮኒክስ እንጂ የሚዞር አካል አይደለም። እዚህ ላይ የአምፖሉ ታሪክ አቅጣጫ ቀየረ፤ ከሜካኒክስ ወደ ዑደት ንድፍ ተሻገረ።

የ1975ቱ ፍሊፕ ፍላሽ የዚህ አቅጣጫ ጫፍ ነው፤ በእኔ አስተያየት የኢንዱስትሪው ከሁሉ የረቀቀ ሥራም እሱ ነው። በ1972 ከመጣው የ110 ፊልም የኪስ ካሜራ ዓይነት ዘግይተው ለተሠሩት የተዘጋጀ ነበር። ካሜራዎቹ ለፍላሹ ባትሪ አያስፈልጋቸውም፤ በውስጣቸው ያለች የፒዬዞ ክሪስታል ሹተሩ ሲነካ ትመታና ለቅጽበት ሺህ ቮልቶችን ትፈጥራለች። ኃይሉ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀድሞ ፊላመንትን ያግል ከነበረው ጅረት ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ ፊላመንቱ ቀረ። በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት ማቀጣጠያው ድብልቅ ራሱ ሞላው፤ በተራ ቮልት ጅረት አያስተላልፍም፤ ከፍተኛው ቮልት ሲመጣ ግን ተበስቶ ይፈነጥቃል።

ይህ አሠራር የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው ሰውነት በሺህ የሚቆጠር ቮልት የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ በጥቂት ኃይል እንዲነድ የተሠራ አምፖል በጣት ንክኪም ሊነድ ይችላል። ሠሪዎቹ በአምፖሎቹ ዙሪያ የብረት መከላከያ አስቀምጠው፣ የዑደቱን መስመሮች ከእጅ አርቀው፣ የድብልቁን መጠን እየለዋወጡ መካከለኛውን መንገድ ፈለጉ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር፦ አንድ ምት ከስምንቱ አንዱን ብቻ እንዲያነድ፣ ቀጣዩ ምት ደግሞ ቀጣዩን እንዲያነድ ምን ይደረግ? መልሱ በፕላስቲኩ ውስጥ ባለው የታተመ ዑደት ላይ የተቀባ የብር ውሕድ ነው። ውሕዱ በመደበኛው ሁኔታ ጅረት አያስተላልፍም። አጠገቡ ያለው አምፖል ሲነድ በብርሃኑና በሙቀቱ ተለውጦ አስተላላፊ ይሆናል፤ በዚህም የሚቀጥለው አምፖል ከመስመሩ ጋር ይገናኛል። አንዱ በነደደ ቁጥር ለተከታዩ በር ይከፍታል። የነደደው አምፖል በውስጡ በቀረው የብረት ቅሪት ሽቦዎቹን አገናኝቶ ቀጣዩን ምት እንዳይሰርቅ ደግሞ በሙቀት የሚያፈገፍግ ፕላስቲክ መስመሩን እንዲያቋርጥ ተደረገ። አራቱ ከላይ፣ አራቱ ከታች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚነዱት ከሌንሱ የራቁት የላይኞቹ ናቸው፣ ከዚያ ሰሌዳው ይገለበጣል። ርቀቱ የሚፈለገው ብርሃኑ ከዓይን ውስጥ ተንጸባርቆ ቀይ ሆኖ እንዳይታይ ነው፤ የኪስ ካሜራዎቹ ትንሽነት ይህን ጉድለት አባብሶት ነበር።

አምፖሉም ይበልጥ አነሰ። ስሌቱ ችግሩን ያሳያል። 18 ሚሊ ግራም ዚርኮኒየም ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል በተራ ግፊት 5 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ይህን የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሶ ብቻ በሆነ ይዘት ውስጥ ለማስገባት ግፊቱ ከአካባቢው አየር 13 እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ በአስርቱ ዓመታት መጨረሻ የተሠሩት ትንንሽ አምፖሎች ወደዚህ የተጠጉ ነበሩ። የመጀመሪያው ትውልድ ከአየር ግፊት በታች ይሞላ እንደነበር ካስታወስን፣ ትልቁን ክፍል ያስቀረው ይህ ግፊት መሆኑ ግልጽ ነው። ዋጋው ደግሞ በብርጭቆው ላይ አረፈ። ጫፉን በእሳት አለስልሶ መዝጋት ሲያስፈልግ የውስጡ ግፊት የለሰለሰውን ብርጭቆ ወደ ውጭ ይነፋዋል፤ የጋለው ብረት ከቅርብ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ደግሞ ተራውን ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በሙቀት ብዙ የማይሰፋ ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ መጣ፤ እሱም ከሱ ጋር በእኩል የሚሰፋ የብረት፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ሽቦ ጠየቀ። ከውጭ ሲታይ ርካሽ ፕላስቲክ የሚመስለው ሰሌዳ በውስጡ ከዚያ በፊት ከተሠሩት ሁሉ በላይ ጥብቅ የሆነ የብርጭቆና የኬሚስትሪ ሥራ ይዞ ነበር።

ተፎካካሪው ግን ሩቅ አልነበረም። ሃሮልድ ኤጀርተን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኤምአይቲ ያዳበረው በጋዝ ቱቦ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ለረጅም ጊዜ ከባድና ውድ ነበር፤ የሚፈልገው ባትሪና ካፓሲተር በትከሻ የሚሸከሙት ነበር። በ1960ዎቹ ትራንዚስተር ይህን ሸክም አቀለለው። በ1964 የፎክትሌንደር ቪትሮና ኤሌክትሮኒክ ፍላሽን ከካሜራው አካል ጋር አዋሃደ፤ ቢሆንም ገበያው ገና አልተዘጋጀም ነበር። በ1975 ኮኒካ ሲ35 ኢኤፍ ያንኑ ሐሳብ በሕዝብ ዋጋ አቀረበ። ፍሊፕ ፍላሽ የወጣበት ዓመት ነው፤ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኮዳከለር 400 ፊልም ከአምፖሉ ብልጫዎች አንዱን፣ ጉልበቱን፣ አሳነሰበት፤ ደካማው ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ለሳሎን በቂ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ውድቀቱ ፈጣን ነበር። በ1981 የፖላሮይድ አዲስ ካሜራዎች ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ በውስጣቸው ይዘው ወጡ፤ በ1982 የኮዳክ ዲስክ ካሜራም እንዲሁ። ለ20 ዓመት አምፖል የሸጡት ሁለቱ ትልልቅ የካሜራ ኩባንያዎች ራሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። በ1987 ፉጂ አንድ ፊልም ብቻ ተነስቶበት የሚጣል ካሜራ ላይ እንኳ ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ሲገጥም የአምፖሉ የመጨረሻ ምሽግ፣ ርካሽነቱ፣ ፈረሰ። ከአንድ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አስር ያደገው ቁጥር በአንድ ባትሪ ብዙ አስር ጊዜ ከሚያበራው ጋር ሊወዳደር አልቻለም።

አምፖሉ ግን በተሸነፈበት ነጥብ ሁሉ ደካማ አልነበረም። ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ከሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ ትልቅ የፍላሽ አምፖል ግን ብርሃኑን ለአስርት ሺኛ ሰከንዶች ያቆያል። በሰከንድ ሺህዎች ምስል የሚያነሱ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ የመኪና ግጭት ሙከራ የሚቀርጹት፣ የሚፈልጉት ይህን ቆይታ ነው፤ የዋሻ ፎቶ አንሺዎችም በአንድ እጅ ተይዞ አዳራሽ የሚያበራውን ጉልበት በቀላሉ ሌላ ቦታ አያገኙም። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከዘጉ በኋላም በአየርላንድ አንድ አነስተኛ ድርጅት ትልልቆቹን አምፖሎች ማምረቱን ቀጥሎ ነበር። ረዥም ምርምር የፈጁት ትንንሾቹ ግን ተከታይ አላገኙም፤ ዛሬ የሚገኙት ከድሮ ክምችት የተረፉት ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለ የቆየ አምፖል እጁ የሚገባ አንባቢ እንደ መጫወቻ እንዳያየው አደራ እላለሁ። ኦክስጅኑም ብረቱም በውስጡ ስላሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሊነድ ይችላል። በብዙዎቹ ውስጥ የኮባልት ጨው የተቀባች ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ እርጥበት ያለው አየር ከገባ ወደ ሮዝ ትለወጣለች። ሮዝ የሆነውን፣ እንዲሁም ላኬሩ የተላጠውን አምፖል በፍጹም አያቀጣጥሉት፤ ብርጭቆው ሊፈነዳ ይችላል።